ሽፋን አልባው መጽሐፍ እና የየኔታ ዓይን

የኔታ ይትባረክ ዓይናቸውን ሳይታከሙ ሊቀሩ የነበረው በእኔ ምክንያት ነው። ያጠፋሁትም ማንበብ ነው። ዜና አንብቤ ሰው የጎዳሁ እንዳይመስላችሁ፤ ዜና ሳነብ ማንም አይጎዳም፤ አብዛኛው ሰው ገና ድምፄን ሲሰማ ሬዲዮውን ይቀንሰዋል። ሰው የጎዳሁት ልብ ወለድ ሳነብ ነው።

በባሕር ዳር በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ ዘጋቢና ዜና አንባቢ ሆኜ ጠጉሬ ሸብቷል። ካላጣራሁ አልናገርም። ባለቤቴ ሰናይት «ዝናብ ጀመረ፤ ልብሱን አስገባ!» ስትለኝ እንኳ መጀመሪያ በመስኮት አይቼ፣ ቀጥሎ እጄን አውጥቼ አረጋግጬ ነው የምነሣው። በዚህ ምክንያት የእኛ ቤት ልብስ ብዙ ጊዜ ርጥብ ነው፤ የእኔ ዘገባ ግን ተስተባብሎ አያውቅም። ልብ ወለድ የሚባል ነገር ደግሞ አይጥመኝም ነበር። ያልሆነ ነገር፣ በሌለ ሰው ላይ፣ ባልታወቀ ቀን ደረሰ ተብሎ ሲጻፍ እጄ ሳላዝዘው ቀይ እስክሪብቶ ፍለጋ ይሄዳል።

መጽሐፉን የገዛሁት ልቀመጥበት ነው። አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር ለቃለ መጠይቅ ሐይቁ ዳር ቀጥሮኝ ነበር። አግዳሚው ወንበር ዝናብ አድሮበታል፤ ሱሪዬ ደግሞ አዲስ ነው። ከዘንባባዎቹ ሥር አሮጌ መጻሕፍት የዘረጋ ሰው ነበርና ከሁሉም የረከሰውን አነሣሁ። የፊት ሽፋኑ የለም፣ ርእሱ የለም፣ የደራሲው ስም የለም። በእኛ ሙያ እንዲህ ያለው ነገር ምንጩ ያልታወቀ ወሬ ይባላል፤ የሚገባውም ቦታ ከመቀመጫ ሥር ነው። ተቀመጥሁበት። ሊቀ መንበሩ ዘገየ። እስካሁንም አልመጣም። ቢቸግረኝ መጽሐፉን ከሥሬ ሳብሁና ገለጥሁት።

የሳይንስ ልብ ወለድ አጫጭር ታሪኮች ስብስብ ኖሯል። የመጀመሪያው ዝናብ በተራ ስለሚታደልበት አገር ይናገራል። ደመናው በመሣሪያ እየተነዳ ለየቀበሌው በየተራው ይደርሳል። አንድ ገበሬ ስንት ጊዜ ጠብቆ ተራው በደረሰ ዕለት፣ አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ልጁን ሊድር ድንኳን ተክሏል። ዝናቡን ከተቀበለ ሠርጉ ጭቃ ይሆናል፤ ካሳለፈው ማሳው ይደርቃል። ገበሬው ከደጁ ቆሞ አንዴ ድንኳኑን፣ አንዴ ሰማዩን ያያል። ታሪኩ እዚያ ላይ አለቀ።

ገጹን ገለበጥሁ። ሌላ ታሪክ ነው። ተመልሼ አየሁ። ዝም ነው። ምን እንዳደረገ አይናገርም! እኔ ዜና እንዲህ አድርጌ ብጨርስ አለቃዬ ጥሎኝ ይሄዳል፤ እኔም አልፈርድበትም። ግን ከወንበሩ መነሣት አቃተኝ። አንድ ሰው በታንኳ ማገዶ ጭኖ እየቀዘፈ አለፈ፤ እኔ ግን የማየው ገበሬውን ነው። እኔ ብሆንስ ምን አደርግ ነበር? እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ «ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ነበር። «ቢሆንስ?» ብዬ የጠየቅሁት ያን ዕለት ነው፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ ግማሽ ሱሪዬ ርሶ።

ከዚያ በኋላ ያለው የእኔና የመጽሐፉ የፍቅር ታሪክ ነው። ባጃጅ ውስጥ አነበብሁ። ምሳ ስበላ አነበብሁ፤ ሰናይት «ወጡን ከገጹ ላይ ጥረግ፤ አንተ የምትበላው ከሳህኑ ነው» እስክትለኝ ድረስ። በጠዋት ስብሰባ ላይ በመግለጫ ወረቀት ሸፍኜ ሳነብ ስለ መንገድ ጥገናው አስተያየት ተጠየቅሁና «ገበሬው ጎረቤቱን ማማከር ነበረበት» አልሁ። አለቃዬ አሰበና «ልክ ነው፤ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ ይካተት» ብሎ አስመዘገበ።

የኔታ ይትባረክ የአጥር ጎረቤቴ ናቸው። በሐይቁ ካሉት ገዳማት በአንዱ ቅኔ ሲያስተምሩ፣ መጽሐፍ ሲተረጉሙ ኖረው፣ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ከባለቤታቸው ከእማማ ሙሉነሽ ጋር ወደ ሰፈራችን ወደ ሹም አቦ ገቡ። ዳዊታቸውን በቃላቸው ያውቁታል። የቸገራቸው በቃላቸው የማያውቁት ነው። ስለዚህ ከሥራ ስወጣ ግቢያቸው ካለው ማንጎ ሥር ተቀምጬ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። እሳቸው ያዳምጣሉ፤ እማማ ሙሉነሽ አጠገባችን ምስር እየለቀሙ ባለሥልጣኖቹን አንድ በአንድ ይተቻሉ።

አንድ ቀን ከመጽሐፉ መለየት አቅቶኝ በጋዜጣው ፋንታ እሱኑ ይዤ ሄድሁ። እዚህ ላይ አንድ ስሕተት ሠራሁ። እኔ ያለኝ አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ የዜና ድምፅ። ልጆቼን «እራት ቀርቧል» ብዬ ስጠራቸው እንኳ የሆነ አደጋ የደረሰ ይመስላቸዋል። በዚሁ ድምፅ፣ ምንም መግቢያ ሳልሰጥ፣ «ዝናብ በተራ መታደል ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ያለው ቅሬታ መቀነሱ ታውቋል» ብዬ የመጽሐፉን የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር አነበብሁ። እማማ ሙሉነሽ ምስሩን አስቀመጡ፣ ነጠላቸውን አነሡ፣ «ወፍጮ ቤት እህል አለኝ» ብለው ወጡ። ገበሬውና ሠርጉ ጋ ስንደርስ እሳቸው የሉም።

በማግሥቱ ጠዋት በሬን ስከፍት ከከተማው ዳር ካለችው ከሰባታሚት ወተት የሚያመጣልን ሰውዬ ከወትሮው ቀድሞ ቆሟል።

«እንዴት አደሩ፣ ጋሼ? ሰባታሚትን ከከተማ ጋር ነው ወይስ ከገጠር ጋር የመደቡት?»

«ምን ላይ?»

«ዝናቡ ላይ ነዋ! ከከተማ ጋር ከሆነ እኮ ተራችን አይደርስም። ከተሜ ዝናብ ምን ያደርግለታል? ጃንጥላ ለመግዛት ነው?»

ከእሱ ኋላ የማዶዋ ባለ ሱቅ ቆማለች። እሷ ደግሞ ልጇን የምትድረው ከፋሲካ በኋላ ስለሆነ የሹም አቦ ተራ ከዚያ ወዲያ እንዲሆንላት እንድነግርላት ነው የመጣችው። «አንተ ስትናገር ይሰሙሃል፤ ድምፅህ ራሱ መንግሥት መንግሥት ይላል» አለችኝ። ምስጋና ይሁን ስድብ እስካሁን አላጣራሁም።

ቢሮ ሳልደርስ ከይፋግ አጎቴ ደወለ። ወሬው እዚያ በምን ፍጥነት እንደደረሰ አላውቅም፤ የእኛ ጣቢያ ሞገድ እንኳ ይፋግ ሲደርስ ይንኮሻኮሻል።

«አንተ! እዚያ ተቀምጠህ ይፋግን አስረሳኸን አይደል? እኛ እኮ ሩዝ ነው የምንዘራ! ሩዝ ተራ ይጠብቃል ብለህ ነው?»

«አጎቴ፣ ተረት ነው። ከመጽሐፍ ያነበብሁት ነው።»

ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ተረት ነው በል ተባልህ?»

«ማንም ምንም አላለኝም!»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ስልክ ላይ አናውራው» ብሎ ዘጋው።

በሙያችን ስሕተት ሲፈጠር ማስተካከያ ይሰጣል። እኔም በሥርዓቱ ወፍጮ ቤት ሄጄ፣ የወፍጮው ጩኸት እስኪያቆም ጠብቄ፣ በተመሳሳይ ሰዓትና ለተመሳሳይ አድማጭ መሆኑን አረጋግጬ አስተባበልሁ። ውጤቱን ልንገራችሁ። ከማስተባበሌ በፊት ወሬውን ያመነው ግማሹ ነበር። ካስተባበልሁ በኋላ ሁሉም አመነ። አንዲት ሴት «ምስኪን! ከሥራው እንዳያባርሩት ነው» እያሉ ከንፈራቸውን ሲመጥጡልኝ በጆሮዬ ሰማሁ። ወሬው የበረደው ዝናቡ ያለ ማንም ተራ፣ በሁሉም ላይ፣ አንድ ቀትር ላይ ሲወርድ ነው። የሰባታሚቱ ሰውዬ ግን «ጋሼ፣ ውለታዎን አልረሳም» ብሎ ወተት ጨምሮ ሰጠኝ።

ከዚህ ሁሉ ሰው ነገሩ የገባቸው የኔታ ብቻ ናቸው። ታሪኩን አንብቤ ስጨርስ ወዲያው «ምሳሌ ነው» ነበር ያሉት። «ጥሩ ምሳሌ ነው። ነገ ሌላውን ታነብልኛለህ።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት በሕይወቴ ደስ ካሉኝ ሳምንታት ናቸው። በየቀኑ አንድ ታሪክ ነው። የኔታ ታሪኩን እንደ ገዳሙ መጽሐፍ ይተረጉሙታል፤ አንድ ፍቺ አይበቃቸውም፤ «አንድም» እያሉ ይደራርቡበታል። አንዱ ታሪክ ላይ መሐንዲሶች ሐይቅ ውስጥ ሽቦ ዘርግተው የማዕበሉን ድምፅ ወደ ሰው ቋንቋ የሚመልስ መሣሪያ ይሠራሉ። አገሩ ሁሉ የሐይቁን የመጀመሪያ ቃል ሊሰማ ዳር ላይ ተሰብስቧል። ሐይቁ አንድ ቃል ብቻ ይናገራል፤ «ቆያችሁ» ይላል። አለቀ።

የኔታ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። «ቆያችሁ ማለቱ ተቆጥቶ ነው፤ ስንት ዘመን አጠገቤ ስትኖሩ ምነው ዛሬ ብቻ ጠየቃችሁኝ ሲል ነው። አንድም ደስ ብሎት ነው፤ እናት የዘገየ ልጇን ደጅ ላይ ስትቀበል እንደምትለው ነው። አንድም» አሉና ወደ ሐይቁ በኩል ፊታቸውን አዞሩ፣ «ሐይቁን ስለ ወረረው እንቦጭ ነው።»

እኔ ዐሥር ጊዜ ያነበብሁት ታሪክ በአንድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሆነልኝ። ቤቴ ገብቼ ለሰናይት ስነግራት «ሰውዬው ዓይን ቢኖራቸው አንተን ምን ያደርጉሃል?» አለችኝ። ነገሩ እውነት ነበር፤ እሳቸውም አስበውበታል። ከሌላ ቦታ የመጡ የዓይን ሐኪሞች ሆስፒታል ገብተው ሞራ ያነሡ ነበር። እማማ ሙሉነሽ ከዓመት በላይ ለምነዋቸው እምቢ ያሉት ሰው አንድ ቀን ድንገት፣

«ሐሙስ እሄዳለሁ» አሉ። «አንተ ስታነብ እንደ ዜና ትሮጣለህ። እኔ ቃሉ ላይ ቁጭ ብዬ ላየው እፈልጋለሁ።»

እማማ ሙሉነሽ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔም ቢሆን መጽሐፌ የሰው ዓይን ሊያበራ ነው ብዬ ኮራሁ። ኩራቴ ብዙም አልቆየም፤ ሰኞ ዕለት፣ ምን እንደሚል አስቀድሜ ሳላጣራ፣ ራሴም ገና ያልደረስሁበትን ቀጣዩን ታሪክ ከፈትሁ።

ታሪኩ ዓይኑ ስለ ጠፋ ሰዓት ጠጋኝ ነው። ባለሙያዎች የመስታወት ዓይን ይሠሩለታል። አዲሱ ዓይን ግን አብልጦ ያያል። ከብርጭቆ ላይ የጣት አሻራ፣ ከግድግዳው ውስጥ ስንጥቅ፣ ከሰው ፊት ላይ ደግሞ ገና ያልመጣውን እርጅና ያያል። ሰዓት ጠጋኙ ወደ ሚስቱ ዞሮ ባያት ጊዜ በልቡ የያዛትን ሴት ፈልጎ አጣት። ተመልሶ ጨለማዬን መልሱልኝ አለ። አይቻልም አሉት። እሱም ዓይኑን በጨርቅ አስሮ፣ ድምፅዋን እየሰማ ብቻ መኖር መረጠ።

አንብቤ ቀና አልሁ።

«አለቀ?»

«አለቀ፣ የኔታ።»

«ጨርቁን እንዳሰረ ቀረ?»

«እንዳሰረ ቀረ።»

«እንግዲህ እኔም ሐሙስ አልሄድም» አሉና በትራቸውን ፈልገው ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ።

ማክሰኞ ጠዋት እማማ ሙሉነሽ በራችንን ሲመቱት ባጃጅ የገጨው ነው የመሰለን።

«አንተ ልጅ! ምን አድርጌህ ነው? ስንት ለምኜ፣ ስንት ስለት ተስዬ፣ እሽ ያሰኘኋቸውን ሰው በአንድ ከሰዓት አፍርሰህብኝ ሄድህ! ዓይናቸው ቢበራ ምንህ ይቀንሳል?»

«እማማ፣ ይስሙኝ፤ እኔ እኮ...»

«አልሰማም! ሬዲዮ ላይ ስሰማህ ኖሬ ምን ጠቀመኝ? ያ ዝናብህ ይበቃኝ ነበር!»

አንገቴን ደፍቼ ቆምሁ። ሐኪሞቹ ሳምንቱ ሲያልቅ ይሄዳሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ ማንም አያውቅም። የኔታ ያሁኑ ካመለጣቸው በዚያው ሊቀሩ ነው፤ ያስቀረኋቸውም እኔ ነኝ።

አልደነገጥሁም። ሃያ ዓመት የሠራ ዘጋቢ አይደነግጥም፤ መረጃ ይሰበስባል። ሆስፒታል ሄጄ ከሐኪሞቹ አንዷን ቃለ መጠይቅ አደረግኋት። ሞራ ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚነሣ፣ የሚገባው ትንሽ ሌንስ ምን እንደሚያደርግ፣ ሁሉንም ቀዳሁ። በመጨረሻ «በዚህ ሌንስ የሰው እርጅና አስቀድሞ ይታያል?» ብዬ ስጠይቃት መቅጃውን አየት አድርጋ «ይህ የሚተላለፍ ነው?» አለችኝ።

የኔታ ቅጂውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በትዕግሥት አዳመጡ።

«ጨዋ ልጅ ናት፤ ጤና ይስጣት» አሉ። «ግን ይህ ሁሉ ስለ ዓይን ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስለ ሰውዬው ነው።»

«ሰውዬው እኮ የለም፣ የኔታ! አልተደረገም! ልብ ወለድ ነው!»

«አለመደረጉን አውቃለሁ። እኔ ወፍጮ ቤት አልነበርሁም» አሉ። ከዚያ እማማ ሙሉነሽ በአቅራቢያ እንደሌሉ በጆሯቸው አጣርተው ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። «ሙሉነሽን በደንብ ካየኋት ስንት ዘመን ሆነው። እኔ ዘንድ ያለችው የያኔዋ ናት። ከዚያ ወዲህ እኔን ስትመራ፣ እኔን ስትጠብቅ ነው የኖረች። አሁን ባያት ምን አደረግኋት ልል ነው? ሰውዬው የሸሸው እርጅናዋን እንዳይመስልህ። የገዛ ነገሩን ነው የሸሸ።»

መቅጃዬን ኪሴ ከተትሁ። ለዚህ የሚሆን ሐኪም አላውቅም።

ያን ዕለት ስዞር አመሸሁ። ሰዓት ጠጋኙን በማስረጃ ላሸንፈው አልችልም፤ እሱ ያለው ማስረጃ በማይገባበት አገር ነው። ሌላ የታሪክ መጨረሻ ብቻ ነው ሊያሸንፈው የሚችል። ሌላ መጨረሻ ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ የለም። እንግዲህ ልፈጥር ነው። እኔ! ለማርፈዴ እንኳ ምክንያት ፈጥሬ የማላውቅ ሰው፤ «ለምን ዘገየህ?» ሲሉኝ «ስለዘገየሁ» የምል ሰው!

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መጽሐፉን ይዤ ማንጎው ሥር ተቀመጥሁ።

«የኔታ፣ ሰኞ ዕለት አንድ የመጽሐፉ ቅጠል ተጣብቆ ሳላነበው አልፌ ኖሯል።»

«እህ?» አሉና ጆሯቸውን አቀኑ።

ገለጥሁ። ከፊቴ ያለው ገጽ ስለ አንድ የጠፋች የጠፈር መንኮራኩር ነው። እሱን እያየሁ ሌላ ማንበብ ጀመርሁ። ላቤ ከመነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል።

«ሰዓት ጠጋኙ ጨርቁን አስሮ ሲኖር፣ አንድ ጠዋት የሚስቱ እርምጃ ተለወጠበት። አንዱ እግሯ ይጎተታል። ምን ሆንሽ አላት። ምንም አለችው። በማግሥቱም ይጎተታል። ሰዓት ጠጋኝ ነውና የተዛባ ምት አያስችለውም፤ ጨርቁን ፈታ። ፊቷን ሊያይ ፈራ፤ ወደ እግሯ ተመለከተ። የጫማዋ ሶል ተገንጥሎ በክር ታስሯል። ከመቼ ጀምሮ ነው አላት። ጨርቁን ካሰርህ ጀምሮ አለችው። እሱም ጫማውን ከእግሯ አውልቆ፣ ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰፋው። ሰፍቶ ሲጨርስ ቀና አለ። ፊቷ ያው ያየው አሮጌ ፊት ነው። ግን ጫማው ስለተሰፋላት ትስቅ ነበር።»

የምፈጥረው አለቀብኝ።

«ዛሬ ደህና አነበብህ» አሉ የኔታ። «አልሮጥህም።»

ፈጠርሁ አልኋችሁ እንጂ ሁሉንም አልፈጠርሁም። ያ ጫማ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት እማማ ሙሉነሽ ሲጮኹብኝ አንገቴን የደፋሁት አፍሬ ነው፤ ዓይኔ ያረፈው ግን ከላስቲክ ጫማቸው ላይ ነበር። ማሰሪያው ተበጥሶ በሲባጎ ተቋጥሯል። ከሰው ሁሉ ዘጋቢን የሚለየው ሲሰደብም መመልከቱን አለመተዉ ነው።

የኔታ ወደ ቤቱ ዞረው ተጣሩ። «ሙሉነሽ!»

«አቤት!»

«እስኪ ነይ እዚህ።»

እማማ ሙሉነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው እያደረቁ መጡ። የኔታ ከመቀመጫቸው ዝቅ ብለው በእጃቸው መሬቱን ዳሰሱ፤ የእማማን እግር አገኙ፤ ጫማውን አገኙ፤ ቋጠሮውን አገኙ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ሲባጎ ነው። ምን ያደርግልዎታል እሱ?»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ተዉት እስኪ! ሰው ፊት!» አሉ እማማ ሙሉነሽ እግራቸውን ሊያሸሹ እየሞከሩ። የኔታ ግን አልለቀቁም። ጎንበስ እንዳሉ ወደ እኔ ፊታቸውን አዞሩ።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?»

ሐሙስ ሄዱ። ዓርብ ጠዋት ፋሻው ሲነሣ እኔም እዚያ ነበርሁ፤ ለዘገባ አይደለም። ሐኪሟ ቀስ ብላ ገፈፈችው። የኔታ ብርሃኑ እስኪሰክንላቸው ዓይናቸውን ደጋግመው ጨፈኑና እማማ ሙሉነሽን ፈለጉ። እማማ ግን ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ስበው ተሸፍነዋል።

«ምነው ተሸፈንሽ?»

«አርጅቻለሁ።»

«እኔንስ ይህን ሁሉ ዘመን አላየሽኝም? ተሸፈንሁብሽ?»

ነጠላው ወረደ። ከዚያ በኋላ ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሐኪሟና እኔ ተያይተን ግድግዳው ላይ ያለውን የፊደል ሰሌዳ ማጥናት ጀመርን። ፊታችንን ስንመልስ የኔታ ወደ እኔ ዞሩና ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንተ ነህ? በድምፅህ ረጅም ሰው መስለኸኝ ነበር።»

ደስታዬ እስከ በሩ ነበር። ከሆስፒታሉ ስንወጣ «ሐኪሟ ማንበብ ስትፈቅድልኝ መጽሐፉን ታመጣልኛለህ፤ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ» አሉኝ። እስኪፈቀድላቸው ድረስ ሐይቁ ዳር ስመላለስ ነበር፤ መጽሐፉ ከእጄ አምልጦ ውኃ ቢገባስ ብዬ ያላሰብሁት አይደለም። ግን እንዲህ የምወደውን መጽሐፍ ቀርቶ የምጠላውንም አልጥልም። «ሂድና እውነቱን ንገራቸው። ምን ይሆናሉ? ዓይናቸውን መልሰው አያስጨፍኑት» አለችኝ ሰናይት።

ይዤላቸው ሄድሁ። የኔታ መነጽር አድርገው፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ፣ በቀን አንድ ታሪክ፣ አንዳንዱን ቀን ግማሽ፣ ያነባሉ። በየዕለቱ ከሥራ ስወጣ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንድ ቀን ሰዓት ጠጋኙ ላይ ደረሱ። አነበቡ። ጨርቁን አሰረ። ገጹን ገለበጡ፤ መንኮራኩር ነው። ተመለሱ። ቅጠሉን በአውራና በሌባ ጣታቸው መካከል አሻሹት። መጽሐፉን ከፍተው ስፌቱን ወደ ብርሃን አድርገው መረመሩት፤ ብራና ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ተቆርጦ የወጣ ቅጠል እንዴት እንደሚለይ ያውቃል።

«ቅጠል አልጎደለም» አሉ።

«አልጎደለም።»

«አልተጣበቀም።»

«አልተጣበቀም፣ የኔታ። እኔ...»

እጃቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«ገልባጭ ሲጽፍ ይዘላል» አሉ ተረጋግተው። «ይደክመዋል፣ ያንቀላፋል፣ መስመር ያልፈዋል። ኋላ ያየ ሰው መጽሐፉን አይጥለውም። የቀረውን ከኅዳጉ ላይ ያገባዋል። እስክሪብቶ ይዘሃል?»

«ይዣለሁ።»

«ጻፍ እንግዲህ። ሰዓት ጠጋኙ ጨርቁን አስሮ ሲኖር፣ አንድ ጠዋት የሚስቱ እርምጃ ተለወጠበት...»

ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንዲት ቃል ሳያስቀሩ፣ በቃላቸው አጻፉኝ። እኔ የተናገርሁት ሰው ግማሹን ረስቼዋለሁ። መሐል ላይ «ክር» የሚለውን «ገመድ» ባደርገው ይሻላል ብዬ ስጽፍ «አትለውጥ!» አሉኝ። «የተነገረው ክር ነው። አንተ ዘጋቢ አይደለህም እንዴ?» ሰረዝሁና ክር ብዬ ጻፍሁ። እንግዲህ ካላጣራሁ የማልናገረው ሰው፣ ያልነበረ ነገር በመጽሐፍ ኅዳግ ላይ በገዛ እጄ አሰፈርሁ፤ ያውም በትክክል እንድዘግበው ተቆጣጣሪ ተመድቦብኝ። እማማ ሙሉነሽ ከበሩ ሆነው «ምን ትጽፋላችሁ?» ሲሉ የኔታ «የቀረ ነገር ነው» ብለው መለሱላቸው።

ስጨርስ መጽሐፉን ተቀበሉኝ። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት። አራቁት። መነጽራቸውን አውልቀው ወልውለው መልሰው አደረጉት።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጫ ነው፣ የኔታ። ጫማ ነው የሚለው።»

«ይህ ጫ ነው?» አሉና ለረጅም ጊዜ አዩት። «ልጄ፣ ይህን ከሕክምናው በፊት ብትጽፈው ጥሩ ነበር።»

እማማ ሙሉነሽ ሳቁን መቆጣጠር አቅቷቸው በሩን ይዘው ቀሩ። የኔታ ግን አልሳቁም። ለሳምንታት ያላየሁት አንድ ነገር ከፊታቸው ላይ መጥቷል፤ ቀና ብለው ሲቀመጡ፣ በትራቸውን ከጎናቸው ሲያቆሙ፣ ተማሪ ሲቀበሉ የኖሩ መምህር መሆናቸው ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

«ነገ ከሥራ ስትወጣ ወረቀት ይዘህ ና» አሉኝ። «ከሀ ነው የምንጀምረው።»